ምዕራፍ ሰባት፦ ከስፌቱ በኋላ

ቀዶ ሕክምና በብዙ ሰው ግምት የሚጀምረው ታካሚው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ ሲሆን የሚያበቃውም ከዚያው ክፍል በሰላም ሲወጣ ነው፤ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ቤተሰብም እፎይ የሚለው «ወጥቷል፤ ደህና ነው» የሚለውን ቃል ሲሰማ ነው። በ25 የአፍሪካ አገሮች ውስጥ በሚገኙ 247 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 11,422 ታካሚዎች ተከታትሎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት ግን አደጋው በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ እፎይታ በኋላ መሆኑን ያሳያል። ከእነዚህ ታካሚዎች 18 በመቶ ያህሉ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የጤና እክል የገጠማቸው ሲሆን ከእክሎቹ ሁሉ በብዛት ቀዳሚው ኢንፌክሽን ነበር፤ ሕይወታቸው ካለፈው 239 ሰዎች መካከልም 94 በመቶ ያህሉ የሞቱት ቀዶ ሕክምናው በተደረገበት ዕለት ሳይሆን ከዚያ በኋላ፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳሉ ነው። እነዚህ ታካሚዎች በሌላው ዓለም ከሚታከሙት ይልቅ በዕድሜ ወጣቶች፣ ተደራቢ በሽታቸውም ያነሰ ሆኖ ሳለ የሞታቸው መጠን የዓለምን አማካይ እጥፍ መሆኑ ችግሩ ከታካሚው ሰውነት ይልቅ ከአያያዙ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ይጠቁማል።

አኃዙ የሚያሳዝን ቢሆንም ተስፋም አለበት፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከሚደርሱት ጉዳቶች ብዙዎቹን የሚከላከሉት ውድ መሣሪያዎች ወይም አዳዲስ መድኃኒቶች ሳይሆኑ በሰዓታቸው የሚፈጸሙ ትንንሽ ተግባራት ናቸውና። በኢትዮጵያ ግን በታካሚዎችም ሆነ በአንዳንድ ባለሙያዎች ዘንድ ኢንፌክሽንን የሚከላከለው የመድኃኒት ብዛት ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ በመሆኑ፣ ከብዛቱ ይልቅ ሰዓቱ ወሳኝ የሚሆንበትን ምክንያት በዝርዝር መመልከት ያስፈልጋል።

ተህዋስያኑ ከየት ይመጣሉ?

የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽን የሚባለው ቀዶ ሕክምና በተደረገበት የሰውነት ክፍል ላይ በ30 ቀናት ውስጥ፣ እንደ ብረት ወይም ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ያለ ባዕድ ነገር ከተተከለ ደግሞ እስከ 90 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚፈጠር ኢንፌክሽን ነው። ባለሙያዎች በጥልቀቱ በሦስት ይከፍሉታል፦ ከቆዳና ከቆዳ ሥር ካለው ስብ የማያልፍ ላይኛው፣ ጡንቻንና ጡንቻን የሚሸፍነውን ጠንካራ ሽፋን የሚነካ ጥልቅ፣ እንዲሁም በቀዶ ሕክምናው የተነካውን የውስጥ አካል ወይም በአካላት መካከል ያለውን ክፍተት የሚይዝ ውስጣዊ። ላይኛው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ስፌት ፈትቶ መግሉን በማስወጣትና ቁስሉን በየቀኑ በማጽዳት የሚድን ሲሆን፣ ውስጣዊው፣ ለምሳሌ ትርፍ አንጀት ከወጣ በኋላ በሆድ ውስጥ የሚቋጥር መግል፣ ታካሚውን ዳግመኛ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሊመልሰው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 100 ሰዎች 11 ያህሉ በዚህ ኢንፌክሽን ይያዛሉ፤ በአፍሪካ በኦፕራሲዮን ከሚወልዱ እናቶች መካከል ደግሞ እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ቁስላቸው ያመረቅዛል።

ቁስል ሲያመረቅዝ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በሆስፒታሉ አየር ወይም በሐኪሙ እጅ ላይ ይጣላል። እነዚህ ምንጭ የሚሆኑበት ጊዜ መኖሩ እውነት ነው፤ ሆኖም በአብዛኛው ተህዋስያኑ የሚመጡት ከታካሚው ከራሱ ሰውነት ነው። ስታፊሎኮከስ ኦውረስ የተባለው ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ቆዳና አፍንጫ ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖር ሲሆን፣ በአንጀት ውስጥ ደግሞ ኢ ኮላይንና ክሌብሲየላን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች በብዛት ይገኛሉ። ቆዳ ሳይቀደድ፣ አንጀት ሳይከፈት ምንም የማይጎዱት እነዚህ ተህዋስያን በቢላዋ የተከፈተውን መንገድ ተከትለው ወደማይገባቸው ሥፍራ ሲደርሱ ይባዛሉ። የእንቅርት ወይም የቡአ ቀዶ ሕክምና በሥርዓቱ ሲሠራ «ንጹሕ» ቁስል የሚባለው፣ የፈነዳ አንጀት ቀዶ ሕክምና ደግሞ «ቆሻሻ» የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስያሜው ቀዶ ሐኪሙን ለመንቀፍ ሳይሆን በቁስሉ ውስጥ የሚጠበቀውን የተህዋስያን ብዛት ለመግለጽ የተሰጠ ነው።

የገቡት ተህዋስያን ማሸነፍ አለማሸነፋቸውን የሚወስነው ብዛታቸው ብቻ አይደለም፤ የሥጋው የመከላከል አቅምም ጭምር ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ሲል ነጭ የደም ሕዋሳት ተህዋስያንን የመዋጥ ኃይላቸው ይደክማል፤ ሲጋራ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ቁስሉ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ያሳጣዋል። ቀጠሮ ተይዞለት ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ማጨስን ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ማቆምና ስኳርን አስቀድሞ ማስተካከል ከማንኛውም መርፌ የማይተናነስ መከላከያ ሲሆን፣ ወረፋው ረጅም በሆነበት አገር ይህ የጥበቃ ጊዜ ለዝግጅት ሳይውል መቅረቱ የሚያስቆጭ ነው።

ከቁርጡ በፊት ያለው አንድ ሰዓት

ለመከላከያ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ለሕክምና ከሚሰጠው በዓላማው ይለያል። ለሕክምና የሚሰጠው ሥር የሰደደውን ኢንፌክሽን ለማጥፋት ለቀናት ይወሰዳል፤ መከላከያው ግን ቢላዋው ቆዳውን በሚነካበት ቅጽበት በደሙና በሥጋው ውስጥ በበቂ መጠን ተገኝቶ ተህዋስያኑን ከመባዛታቸው በፊት እንዲቀድማቸው ብቻ የታሰበ ነው። ቆዳ ሲቆረጥ ደቃቅ የደም ሥሮች አብረው ስለሚቆረጡና ስለሚደፈኑ በቁስሉ ጠርዝ ያለው ሥጋ ደም ያንሰዋል፤ ተህዋስያኑ እዚያ በረጋው ደም ውስጥ ከተሸሸጉ በኋላ ደግሞ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት እነርሱ ዘንድ መድረስ ይቸግረዋል። ጆን በርክ የተባለው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት፣ ጊኒ ፒግ በተባሉ የቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ መድኃኒቱ ተህዋስያኑ ወደ ቆዳ ከመግባታቸው በፊት ሲሰጥ ጥሩ መከላከያ እንደሚሆን፣ ከገቡ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲሰጥ ግን መድኃኒት ጨርሶ ካላገኙት እንስሳት የተለየ ውጤት እንደማያመጣ አሳየ።

ይህንኑ በሰው ላይ ያረጋገጠው በአሜሪካ በሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ 2,847 ታካሚዎችን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው ጥናት ነው። ቁርጡ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ መድኃኒቱ ከተሰጣቸው ታካሚዎች ኢንፌክሽን የያዛቸው 0.6 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከቁርጡ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ በተሰጣቸው ላይ መጠኑ 3.3 በመቶ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ቀድሞ በተሰጣቸው ላይ ደግሞ 3.8 በመቶ ደርሷል። መድኃኒቱም መጠኑም ሳይሆን ሰዓቱ ብቻ ይህን ያህል ልዩነት ማምጣቱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ብሂል ያስታውሳል፤ እጅግ ቀድሞ መምጣትም ከመዘግየት አለመሻሉን ግን ጥናቱ ጨምሮ ያስተምራል።

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ደንብ ለአዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 2 ግራም ሴፋዞሊን ከቁርጡ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ በደም ሥር እንዲሰጥ፣ ቀዶ ሕክምናው ከአራት ሰዓት ከበለጠ ወይም ታካሚው ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ደም ካፈሰሰ እንዲደገም ያዝዛል። በኦፕራሲዮን ለሚወልዱ እናቶች ቀድሞ መድኃኒቱ ይሰጥ የነበረው ሕፃኑ ወጥቶ እትብቱ ከታሰረ በኋላ ነበር፤ አሁን ግን ከቁርጡ በፊት መስጠቱ እናቲቱን የተሻለ እንደሚጠብቃት ታውቆ ደንቡ ተለውጧል። ደንቡ ቀላል ቢሆንም የሚጣስበት መንገድም ቀላል ነው፤ በመኝታ ክፍል ያለች ነርስ የታዘዘውን መርፌ በጠዋት ትሰጣለች፣ ታካሚው በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ሆኖ ተራውን ሲጠብቅ ድንገተኛ ታካሚ ይቀድመዋል ወይም መብራት ይጠፋል፣ ቢላዋው ቆዳውን ሲነካ ሦስት ሰዓት ያለፈው መድኃኒት ከደሙ ውስጥ በእጅጉ ቀንሷል፤ በካርዱ ላይ ግን «ተሰጥቷል» ተብሎ ተጽፏል። ሁነኛው መፍትሔ መድኃኒቱ በኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይ በሰመመን ባለሙያው እጅ እንዲሰጥና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ሲነበብ ሰዓቱ ጮክ ተብሎ እንዲጠራ ማድረግ ነው።

ሌላው ስሕተት የሚፈጸመው ስፌቱ ካለቀ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ መከላከያ አንቲባዮቲክ ቀዶ ሕክምናው ከተጠናቀቀ በኋላ እንዳይቀጥል አጥብቆ ይመክራል፤ ሆኖም በኢትዮጵያ ብዙ ሆስፒታሎች ንጹሕ ቁስል ያለው ታካሚ ሳይቀር ሴፍትሪያክሶን ለቀናት ሲወጋ፣ ከዚያም የሚዋጥ መድኃኒት ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይታያል። ይህ የሚደረገው በክፋት አይደለም፤ ንጽሕናው የተጓደለ የመሰለው ባለሙያ ታካሚውን በመድኃኒት ሊጋርደው ይሞክራል፣ አስታማሚውም መርፌው ሲቆም ታማሚው ችላ የተባለ ይመስለዋል። ነገር ግን የተራዘመው መድኃኒት ተጨማሪ ጥበቃ የማይሰጥ ከመሆኑም ሌላ በቀላሉ የሚሞቱትን ባክቴሪያዎች ገድሎ መድኃኒት የተለማመዱትን ብቻቸውን ያስቀራል፤ በኋላ ቁስሉ ቢያመረቅዝ የሚገኙት ተህዋስያን እነዚህ የተለማመዱት ይሆናሉ፣ እነርሱን የሚገድለው መድኃኒት ደግሞ ውድ ነው ወይም ከነጭራሹ አይገኝም። የትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ መግል በሆዱ ውስጥ የተሰራጨ ታካሚ ግን የሚወስደው አንቲባዮቲክ ሕክምና እንጂ መከላከያ ስላልሆነ ሐኪሙ የወሰነለትን ቀን መጨረስ ይኖርበታል።

ምላጭ፣ ሙቀትና እንፋሎት

ብዙ ታካሚዎች ንጹሕ ሆነው ለመቅረብ ሲሉ በዋዜማው ቀዶ ሕክምና የሚደረግበትን ሥፍራ ቤታቸው በምላጭ ይላጩታል። ምላጭ ግን ዓይን የማያያቸውን ጥቃቅን ጭረቶች በቆዳው ላይ ስለሚያደርግና በሌሊቱ ውስጥ ባክቴሪያዎች በእነዚያ ጭረቶች ውስጥ ስለሚባዙ፣ ታካሚው ጠዋት ሆስፒታል የሚደርሰው ከመላጨቱ በፊት ከነበረው የባሰ ቆዳ ይዞ ነው። ፀጉሩ እንዳለ ቢተው ይመረጣል፤ የግድ መነሣት ካለበትም ቆዳውን በማይቧጥጥ የፀጉር መቁረጫ ማሽን መቆረጥ አለበት። በተለመደው ሳሙና ገላን መታጠብ ግን ይበረታታል። ቆዳውን ለማጽዳት ክሎርሄክሲዲን በአልኮል የተበጠበጠበት ፈሳሽ ከተለመደው የአዮዲን ፈሳሽ እንደሚበልጥ እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ያሳየ ሲሆን፣ በዚያ ጥናት የኢንፌክሽኑ መጠን በአዮዲን 16.1 በመቶ፣ በክሎርሄክሲዲን 9.5 በመቶ ነበር፤ አልኮሉ ቆዳው ላይ እስኪደርቅ አለመጠበቅ ግን ጥቅሙን ከመቀነስ አልፎ በኤሌክትሪክ ማተኮሻ ሳቢያ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

የታካሚው የሰውነት ሙቀት ከኢንፌክሽን ጋር መያያዙ ብዙም አይታሰብም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ፣ የአንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 200 ታካሚዎች ያነጻጸረ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በቀዶ ሕክምናው ወቅት ሰውነታቸው ሁለት ዲግሪ ያህል ከቀዘቀዘባቸው ታካሚዎች 19 በመቶ፣ ሙቀታቸው ከተጠበቀላቸው ደግሞ 6 በመቶ ብቻ ቁስላቸው አመርቅዟል። ሰመመን የሰውነትን ሙቀት የመጠበቅ ሥርዓት ያዳክማል፤ ብርዱ የቆዳን የደም ሥሮች ሲያጠብ ቁስሉ ኦክስጅንና ነጭ የደም ሕዋሳት ያጥረዋል። ማሞቂያ በሌለው የደጋ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ብርድ ልብስ ማልበስና በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ማሞቅ ከምቾት በላይ የሆነ የሕክምና ተግባር ነው።

መሣሪያዎች የሚመክኑት፣ ማለትም ከተህዋስያን ሁሉ ነጻ የሚሆኑት፣ አውቶክሌቭ በተባለው የእንፋሎት ማሽን ውስጥ በግፊት ነው፤ በጨርቅ የተጠቀለለ የመሣሪያ ጥቅል በተለመደው ማሽን ውስጥ በ121 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ይቆያል። በጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር በእንፋሎቱ ሲጠቁር ነርሷ መሣሪያው እንደመከነ አድርጋ ትቀበለዋለች፤ ነገር ግን የጠቆረው መስመር የሚመሰክረው የጥቅሉ ውጪ እንፋሎት እንደነካው ብቻ ነው። እንፋሎቱ መሐል ድረስ መግባቱን የሚናገረው በጥቅሉ ውስጥ ከመሣሪያዎቹ ጋር የሚቀመጠው ሌላ አመልካች ወረቀት በመሆኑ፣ እርሱ ከሌለ ወይም ቀለሙ ካልተለወጠ ጥቅሉ እንዳልመከነ ተቆጥሮ መመለስ አለበት። ላይፍቦክስ የተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅት ክሊን ከት በሚል ስም በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ያካሄደው ፕሮግራም ያተኮረው በእንዲህ ያሉ ጉዳዮች ላይ ነበር፦ የእጅና የቆዳ ጽዳት፣ የመሣሪያ መምከን፣ ያልተቀደደ ጋውንና ጨርቅ፣ የአንቲባዮቲክ ሰዓት፣ የጎዝ ቆጠራና የማረጋገጫው ዝርዝር አነባበብ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት የኢንፌክሽን ሥጋት 35 በመቶ መቀነሱን ሲያሳይ፣ ለውጡን ያመጣው አዲስ መድኃኒት ሳይሆን ያሉት ሥራዎች ደረጃ በደረጃ እየተመዘኑ መታረማቸው ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ግኝት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል፤ በሰባት አገሮች ከ13 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ያካተተው ጥናት፣ ሆድ ከመሰፋቱ በፊት ጓንትና መሣሪያ መለወጥ ብቻ ኢንፌክሽንን ከ18.9 ወደ 16 በመቶ እንደሚያወርድ አረጋግጧል።

ምልክቶችን በየቀናቸው ማንበብ

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ትኩሳት ትርጉሙ እንደ ቀኑ ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ለተደረገበት ጉዳት የሚሰጠው ምላሽ ሲሆን፣ የቁስል ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ነው። በእነዚህ መካከል የሳምባ ምችና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው የሚከሰተው ታካሚው ሕመሙን ፈርቶ በጥልቀት ስለማይተነፍስና አክታውን ስለማያወጣ፣ ሁለተኛው ደግሞ የሽንት ቱቦው ካስፈለገበት ጊዜ አልፎ ስለሚቆይ ነው። ትራስ በቁስሉ ላይ ደገፍ አድርጎ መሳልና ቱቦውን በጊዜ ማስወጣት ሁለቱንም በእጅጉ ይቀንሳቸዋል።

ሳይንቀሳቀሱ መተኛት የሚያስከትለው የደም መርጋት ለብቻው ሊነሣ ይገባል። በእግር ውስጥ የረጋ ደም ተላቅቆ ሳምባ ውስጥ ከተሰነቀረ በደቂቃዎች ሊገድል ስለሚችል፣ የአንድ እግር ባት ብቻውን ማበጥና መታመም ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ለነገ የማይባል ምልክት ነው። የወለደች ሴት ደም ከወትሮው ይልቅ ለመርጋት የተዘጋጀ ነው፤ በኦፕራሲዮን የወለደች ደግሞ ሥጋቷ ይብሳል። አራስን ከአልጋ አለማስነሣት የፍቅርና የክብር መግለጫ ቢሆንም፣ ሐኪሙ ተነሺ ባላት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ፣ ደግፎ ማስነሣትና ጥቂት እርምጃ ማራመድ ከገንፎው እኩል የሚያስፈልጋት እንክብካቤ ነው።

ቁስሉ ራሱ ሲያመረቅዝ መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅና መታመም እንደሚታዩበት የሕክምና መጻሕፍት ያስተምራሉ። መጻሕፍቱ የተጻፉት ግን በአመዛኙ ነጭ ቆዳን በማየት ነው፤ በጥቁር ወይም በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላልና በቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ ከሌላው መጥቆሩን ወይም ማብረቅረቁን ማስተዋል፣ በእጅ ጀርባ ሙቀቱን ከራቅ ያለ ቆዳ ጋር ማነጻጸር፣ ጠንክሮ እንደሆነም በቀስታ ዳስሶ ማወቅ ያስፈልጋል። ሕመም በየቀኑ መቀነስ ሲገባው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ተመልሶ ከጨመረ፣ መግል ሳይታይም ቢሆን ቁስሉ መመርመር አለበት። የሆድ ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ከሳምንት ገደማ በኋላ፣ ደረቅ ከነበረው ስፌት ድንገት ሮዝ ቀለም ያለው ቀጭን ፈሳሽ ብዙ ሆኖ ፋሻውን ካራሰ፣ ከላይ ያለው ቆዳ ገጥሞ ቢታይም ከሥር ያለው ጠንካራ ሽፋን ተላቆ ይሆናልና ታካሚው በአፋጣኝ ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል፤ አንጀት ወደ ውጭ ከወጣም መልሶ ለማስገባት ሳይሞከር በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መሸፈን አለበት።

ከሁሉም የሚያስፈራው ሴፕሲስ ነው፤ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ከመጠን አልፎ የራሱን አካላት ሲጎዳ የሚፈጠር ሁኔታ ሲሆን፣ ትንፋሽ በደቂቃ 22 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ፣ የደም ግፊት መውረዱ፣ የታካሚው ንግግር መዘባረቁ ወይም ማንቀላፋቱ ቀዳሚ ምልክቶቹ ናቸው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አንዲት ነርስ ብዙ ታካሚዎችን በምትከታተልበት ሌሊት እነዚህን ለውጦች መጀመሪያ የሚያየው አስታማሚው ነው። አስታማሚውን መድኃኒት እንዲገዛና ምግብ እንዲያመጣ ብቻ አዝዞ ምን መመልከት እንዳለበት አለመንገር በእጅ ያለን ትልቅ ረዳት ማባከን ነው።

ቤት ከተገባ በኋላ

በብዙ ቤት ቁስል ያለበት ሰው ሽታ እንዳይመታው ተብሎ በሩ ይዘጋበታል፣ ሽንኩርት እንዳይቁላላ ይከለከላል፤ ሽታ ቁስልን እንዲያመረቅዝ እንደማያደርገው መናገር ቢገባም ልማዱ የሚጎዳው ትኩረቱን ከእጅ መታጠብ ወደ አፍንጫ ሲያዞር ነው። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ፋሻውን ገልጦ እንዲያይ መፍቀድ፣ ቅቤ ወይም ሌላ ነገር በስፌቱ ላይ መቀባት፣ የአራስን ሆድ በመቀነት አጥብቆ አስሮ ቁስሉ በላብ እንዲርስ ማድረግ ግን እውነተኛ አደጋ አላቸው። የመጀመሪያው ፋሻ ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ በስተቀር ለ48 ሰዓታት ያህል ሳይነካ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ገላን መታጠብና ቁስሉን ሳያሹ ማድረቅ ይቻላል። እንቁላል፣ ሥጋና ጥራጥሬ ቁስልን ያባብሳሉ ተብለው የሚከለከሉበት ቤት ካለ፣ የተቆረጠ ሥጋ የሚጠገነው ከእነዚህ ከሚገኘው ፕሮቲን በመሆኑ ክልከላው ሊነሣ ይገባል።

በኦፕራሲዮን የወለደች እናት በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሆስፒታል ስለምትወጣ፣ ቁስሏ የሚያመረቅዘው ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ከአቅራቢያው መድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ ይሰጣታል፤ የቋጠረ መግል ግን በክኒን ስለማይወጣ ትኩሳቱ ለጊዜው በርዶ ኢንፌክሽኑ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ሆስፒታልም መዝገቡ ላይ «በደህና ወጥታለች» ብሎ እንደጻፈ ይቀራል። ይህን ክፍተት ለመሙላት አንዳንድ ሆስፒታሎች በ30ኛው ቀን ታካሚውን በስልክ ይጠይቃሉ፤ ፈሳሽ ወይም መግል ወጥቶ እንደሆነ፣ ስፌቱ ተከፍቶ እንደሆነ፣ ትኩሳት ነበረ እንደሆነ፣ ሌላ ሕክምና ቤት ተሂዶ እንደሆነ። መልሶቹ ተጠቃለው ለቀዶ ሐኪሞቹ፣ ለሰመመን ባለሙያዎቹ፣ ለነርሶቹና መሣሪያ ለሚያመክኑት ሠራተኞች ሲነበቡ፣ በየትኛው ሳምንት የትኛው ሥራ እንደተጓደለ መፈለግ የሚጀመረው ከዚያ ነው።